ችግር አይታይበትም ስለተባለው ነጭ ግራፍ

ለውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምሪያ የተከበሩ ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ስብሰባ ላይ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙልን? ጤናዎ እንደ ሰርቨርዎ ሳይሆን ቀንም ሌትም የማይቋረጥ፣ ቤትዎና ኑሮዎም ያለ ማስጠንቀቂያ አፕዴት የማይደረግ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለመምሪያዎ ይሁንና፣ የደም ግፊቴ ከቧንቧው ግፊት በልጦ ከመገኘቱ በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ተቀምጬ፣ በከተማው ቧንቧዎች ላይ የተገጠሙት መለኪያዎች የሚልኩትን የግፊት ቁጥር እየሰበሰብኩ ግራፍ የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ስክሪኔ ከጠዋት እስከ ማታ በስሕተት መልእክት ቀልቶ ስለሚውል ባልደረቦቼ "ቀዮ" ይሉኛል፤ መልኬ ግን ጠይም ነው። ለዚህ የቁልምጫ ስም ያበቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ውለታዎን አልረሳም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ የሚያነበው ሌላ ሰው ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የታችኛው ሰፈር የውኃ ፓምፕ አርጅቶ ትንፋሽ አጥሮታል። መሥሪያ ቤቱ አንድ አዲስ ፓምፕ ገዝቷል፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ደግሞ የጥገና ኮሚቴው ነው። ኮሚቴያችን ቁጥር ቢደረደርለት አያነብም፣ ሰው ቢያለቅስለትም አይሰማም፤ መስመር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በዓይኑ ካላየ አያምንም። መስመሩን የምሥለው በብሮውዘር በሚከፈተው የጋራ የኮድ ደብተር ላይ ነው፤ ኮዱ በትናንሽ ሳጥኖች ይጻፋል፣ ሳጥኑ ሲታዘዝ ግራፉ ከሥሩ ብቅ ይላል። የደብተሩ ባለቤትና ጠባቂ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ግራፍ የሚሥልልን ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠው የኮድ ስብስብ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከደብተሩ ጠፍቶ አገኘሁት። ዓርብ በሰላም ተለያይተን፣ ሰኞ በስሙ ብጠራው ደብተሩ እንዲህ የሚባል ነገር የለም ብሎ በቀይ ጻፈልኝ። ደንግጬ ለመምሪያዎ ባመለክት ብሮውዘርሽን ዘግተሽ ክፈቺው ተባልኩ፤ ዘግቼ ከፈትኩ። ኮምፒውተርሽን አጥፍተሽ አብሪው ተባልኩ፤ አጥፍቼ አበራሁ። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሞክሪው ተባልኩ፤ የሒሳብ ክፍሏን ወዳጄን ከወንበሯ አስነሥቼ ሞከርኩ፣ እሷም ጋ የለም። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ማለት ይኸው ነው፣ ያውም ውኃ በሌለበት። ኋላ እንደሰማሁት መምሪያዎ የጽዳት ዘመቻ አውጆ፣ ጥቅም አይሰጡም ያላቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ ጠርጎ አውጥቷቸዋል። ንጽሕና ወዳድነትዎን አደንቃለሁ፤ ብቻ ቤት ሲጠረግ የተኛ ሰው አብሮ አይጠረግም።

ሁለተኛ፦ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ላይብረሪው ተመለሰልን፤ ግን የመጣው የሄደው አይደለም፣ አዲሱ እትም ነው። ለድሮው የጻፍኩለትን ኮድ ሲያይ ፊቱን አዞረብኝ፤ ዓርብ እሺ ብሎ የተቀበለውን የቀለም ትእዛዝ ዛሬ አላውቀውም አለ። እንዲረዳኝ የላኩልኝ ባለሙያ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "ሪስታርት" እያለ የሚጠራው ያ ትሑት ሰው፣ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠይቆኝ መልሴን ሳልጨርስ ደብተሩን እንደ ስሙ አደረገው። ይህ ደብተር ደግሞ እንደገና ሲነሣ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል። የግማሽ ዓመት የግፊት ዳታ ጠዋት በእጄ ያጎረስኩት ደብተር ከሰዓት በኋላ ይህ ስም አይታወቅም ብሎ ካደኝ! ሰውየው በይ እንግዲህ ከላይ ጀምሪው ብሎኝ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ፤ እግዜር ይስጠው። እኔም ከላይ ጀምሬ፣ አንዱን ቀይ ሳጠፋ ሌላው ሲበራ፣ ኮዱን ከአዲሱ እትም ጋር አስታረቅኩት። ሰማያዊው መስመር ከላይ ተነሥቶ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወርዶ ከግርጌው ሲጋደም እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ። በሰው ውኃ ጥም መደሰት ነውር መሆኑ ትዝ ያለኝ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል። እርስዎ ራስዎ ፈርመው ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ለኮሚቴ የሚቀርብ ግራፍ ሁሉ መምሪያው አስቀድሞ ባዘጋጀው የደብተር ቅጽ፣ በአብነቱ ውስጥ ማለፍ አለበት። የአብነቱ የመጨረሻ ሳጥን ተቆልፏል፤ ከእርስዎ በቀር የሚነካው የለም። ውስጡ ሁለት መስመር ኮድ አለ። የመጀመሪያው ግራፉን አሳይ ይላል፣ ሁለተኛው ግራፉን በምስል አስቀምጥ ይላል። ሲያዩት ሥርዓት ያለው ነገር ይመስላል፤ ሰውም ዕቃ የሚያስቀምጠው አይቶ ነውና። የዚህ ላይብረሪ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ግራፉን አንዴ ካሳየ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ያነሣውና ባዶ ነጭ ገጽ ያነጥፋል። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ተጠንቅቆ የሚያስቀምጥልን ነጩን ገጽ ነው። ስክሪን ላይ ግራፉ ይታያል፤ በተቀመጠው ምስል ላይ ግን ምንም የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

መድኃኒቱ ሁለቱን መስመሮች ቦታ ማለዋወጥ ብቻ ነው። ይህንኑ አስረድቼ ብጽፍ፣ አብነቱ በሚመለከተው አካል የጸደቀ ስለሆነ ስሕተት ሊኖርበት አይችልም የሚል መልስ መጣልኝ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላልና ቡዳ እንዳልባል ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ባቀርብም፣ በአብነቱ ያላለፈ ምስል ተቀባይነት የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ።

የስብሰባው ዕለት ነጩ ምስል በፕሮጀክተሩ አማካይነት ነጩ ግድግዳ ላይ በራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ጠርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በጥሞና ከተመለከቱት በኋላ እንግዲህ ምንም ችግር አይታይም አሉ። የግዥው ኃላፊ በበኩላቸው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ግልጽ ግራፍ አይተው እንደማያውቁ መሰከሩ። እጄን አውጥቼ ኧረ ጌቶቼ፣ ይሄ ግራፍ አይደለም፣ ባዶ ነው ብል ጥሩ ግራፍ ማብራሪያ አያስፈልገውም ተብዬ ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤው፣ በታችኛው ሰፈር የግፊት ችግር አለመኖሩ በግራፍ ተረጋግጧል ይላል። ፓምፑም ውኃ ተቋርጦበት ለማያውቀው ለላይኛው ሰፈር በመጠባበቂያነት እንዲሰጥ ታሰበ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ውሳኔው የሚጸናው በመጪው ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ እውነተኛውን ግራፍ ካላቀረብን ፓምፑ ሄደ ማለት ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይሄኛው ግን በቁጥር የሚገባ አይደለም።

እኔም የምኖረው እዚያው ታችኛው ሰፈር ነው፤ አንድ አሮጌ ቤት ፎቁ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ከጎኔ ባለው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ እናት አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። ፓምፑ ከደከመ ወዲህ ውኃ ፎቅ አይወጣም፤ ከደረጃው ሥር ባለችው ቧንቧ ብቻ ጠብ ይላል። እማማ በአንድ እጃቸው ጀሪካን፣ በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘው ይወጣሉ። ላግዝዎት ስላቸው እጅ እግሬ ሳለ ምን በወጣሽ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ከነጀሪካናቸው ተንከባልለው ወደቁ፤ ግራ እጃቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። እሳቸው ሲወድቁ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለዚያች የተቆለፈች ሳጥን ከመምሪያዎ ጋር እከራከር ነበር። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ቀልጃለሁ፣ ወደፊትም ሳልቀልድ አልቀርም፤ በዚህ ነገር ግን አንጀቴ አርሯል። ትልቅ ሰው በውኃ ምክንያት ሲሰበር፣ ያውም ችግር የለም በተባለበት ሰፈር፣ ያማል።

እማማ አንድ ልጅ አላቸው። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ትልቅ ነው ይላሉ እንጂ ሌላ አይጨምሩም። ሲደውሉለት ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ ይላቸዋል። እሳቸው አይቀየሙትም፤ ትልቅ ሰው ሥራ ይበዛበታል ይላሉ። እኔም እርስዎ ዘንድ በደወልኩ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለች ስለምትመልስልኝ፣ ከእማማ ጋር በዚህ ተጽናንተናል።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። የሳጥኗን ቁልፍ ከፍተው ሁለቱን መስመሮች ያለዋውጡልኝ። በጀት አይጠይቅም፣ ኮሚቴም አያስፈልገውም፤ ከአንዱ ስብሰባ ወደሌላው ሲያልፉ ኮሪደር ላይ ቆመው የሚጨርሱት ሥራ ነው። ይህን እስኪያደርጉ ድረስ ላይብረሪያችንን ስለጠረጉልን፣ ዳታችንን ስላስረሱልን፣ ከሁሉም በላይ የአንድን ሰፈር ጥማት በነጭ ቀለም ስላስዋቡልን መምሪያዎን ከነጓዙ እግዜር ያክብርልን።

ደጅዎን በመጥናት ጫማዋን የጨረሰች፣ አፕዴት በተደረጉ ቁጥር የምትጸልይልዎ ታዛዥዎ፤
ቀዮ
የግፊት ዳታ ሠራተኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ (ክፍሏን ካጧት ሽታውን ይከተሉ፤ መጸዳጃ ቤታችንም ውኃ የለውም)

ግልባጭ፦ ለጥገና ኮሚቴው ሰብሳቢ፤ ለማንበብ እንዲመቻቸው በባዶ ነጭ ወረቀት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ ለእማማ ውኃ ላደርስ ስገባ፣ ግድግዳቸው ላይ ያለውን የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረብ ብዬ አየሁት። ጋዋኑ ያምርብዎታል፤ ያኔ መነጽር አልነበረዎትም። መስታወቱ ላይ አንዲት ብናኝ የለችም፣ በደህናው እጃቸው እየወለወሉት ነው። እርስዎ መሰበራቸውን ሰምተው እንዳይጨነቁ፣ አደራ ልጄ፣ ለእሱ እንዳትነግሪው ብለው አስምለውኛል፤ መሐላ አላፈርስም፣ ስለዚህ ለእርስዎ አልነገርኩም፣ የጻፍኩት ለሕዝብ ነው። ጀሪካኑን አስቀምጬ ልወጣ ስል ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። መልሱን እኔ ስለማላውቀው ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል አስተላልፌዋለሁ፦ ያ የልጄ ስብሰባ እስካሁን አላለቀም ወይ?