ሁለት መርከብ በአንድ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 14። ከመርከብ ድርጅቱ ቢሮ መልስ።
ዛሬም አሥራ አንድ መርከብ። ቴሌክሱ ሲንጫጫ ዋለ። ከየመርከቡ የቀትር ሪፖርት ይመጣል፤ ስም፣ ቁ.፣ ያለበት ስፍራ። ካርታው ላይ ስፒል አነሳለሁ፣ ስፒል እሰካለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ። የእኔ መስመር ይኸው ነው።

በስም አላምንም። ስም ይቀየራል፣ ባንዲራ ይለወጣል። ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ግን መርከቧ እስክትፈርስ አይለያትም። ስድስቱን በ7፣ በ6፣ እንዲያ እያልኩ እስከ 2 አባዝቼ እደምራለሁ። የድምሩ መጨረሻ ሰባተኛውን አኃዝ ካልሰጠኝ ቴሌክሱ ተሳስቷል። ሰውም እንዲህ ቢሆን!

ረቡዕ፣ ኅዳር 16።
ማስታወሻዬ፣ ክፉ ወሬ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ በውጭ ሬዲዮ ሰምተዋል። አጊዮስ ኒኮላዎስ የሚባል የግሪክ መርከብ ሰጠመ፤ የተረፈ የለም። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ደረጀ የሚሠራው እዚያ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ የሚፈትሉት እትዬ በላይነሽ። ያላቸው አንድ ልጅ። ለእሳቸው አልተነገራቸውም። እህታቸው ከፍቼ ይምጡ፣ መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሁን ተባለ። እማዬ አለቀሰች። እኔም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17።
ደረጀ አልሞተም! የሰጠመችው መርከብ ቁጥር በቴሌክስ መጣ። ሦስት ጊዜ አባዛሁት፤ ልክ ነው፣ የእኛ አይደለም። የመርከቦቹን መዝገብ ገለጥኩ። ግሪኮች ቅዱስ ኒኮላዎስን ሲወዱት! ገጹ ሙሉ አጊዮስ ኒኮላዎስ። መ/ቤታችን የተከራያት፣ ደረጀ ያለባት፣ ዛሬ ቀትር ላይ ሪፖርት ልካለች። ስፒሏን ራሴ ሰካሁ።

ሮጬ ወደ አለቃዬ። ደስ የሚለው መስሎኝ። ጅል ነኝ። የጫነችውን ታውቂያለሽ አይደል አለኝ። አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። እስክትራገፍ ድረስ ስለ እሷ አንድ ቃል ከዚህ ክፍል አይወጣም አለ። የፈረምኩትን ወረቀት አሳየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አባዬን አነሳ። አባዬ ቤታችን ለጸሎት ሰው ሰበሰብክ ተብሎ አራት ወር ታስሯል። ወደ ካርታዬ ተመለስኩ።

አርብ፣ ኅዳር 18።
እትዬ በላይነሽ ግራ ገብቷቸዋል። አንዱ ውሃ ይቀዳላቸዋል። አንዷ ከእንጦጦ ያወረደችውን ጭራሮ ከነሸክሙ ደጃቸው ጥላ ሄደች። «ምነው ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ? ልሞት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ሰፈሩ የሚያውቀውን እሳቸው አያውቁም። እኔ የማውቀውን ማንም አያውቅም። ብናገር አባዬ፣ ዝም ብል እሳቸው። አምላኬ፣ ለምን እኔን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19። ንጋት 11 ሰዓት።
ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ በጓሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መርዶውን፣ ሁለቱን መርከብ፣ የአለቃዬን ማስፈራራት። መሬት ሳሙ። ከዚያ ሌላ ማን ያውቃል አሉኝ። ማንም አልኳቸው። እንግዲያው መርዶውን ተቀብዬ አለቅሳለሁ አሉ፤ ካላለቀስኩ ማን እንደነገረኝ ይጠይቃሉ። በቁሙ ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው ብዬ ለመንኳቸው።

«ልጄን ሰጥተሽኝ አንቺን ላስወስድ?» አሉና ገፍተው አስወጡኝ።

12 ሰዓት።
ጀመሩ። ደረጀ፣ ደረጀዬ። በግድግዳው በኩል ደረታቸውን ሲመቱ ይሰማኛል። የውሸት ለቅሶ አይደለም። ባሕር ከገባ ጀምሮ የፈሩትን ሁሉ ነው የሚያለቅሱት። ድንኳን ሊተከል ነው። እስክትራገፍ ስንት ቀን?

ነጠላዬን ለለቅሶ አዘቅዝቄ ለበስኩ፤ ጥለቱ አንገቴ ላይ። አባዬ በሩ ጋ ቆሟል። ለእሱም ነገርኩት። አራት ወር ችዬዋለሁ፣ ሂጂ ንገሪ አለኝ።

ነጠላዬን አወለቅኩ። አቅንቼ ለበስኩት፣ ጥለቱ ወደ ታች። እንዲህ ሆኜ ለቅሶ ቤት እገባለሁ። ምነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደረጀ አልሞተም ብዬ እመልሳለሁ።