ጫማውን የረሳው እንግዳና የክቡርነትዎ ፊርማ

ለተከበሩ የድንበር ተሻጋሪ ትብብርና የሕፃናት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለብዕርዎም ቀለም እንዳይነጥፍበት እየተመኘሁ፣ እኔ በድንበሩ ድልድይ አፍ ላይ ያለችው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በጋዜጣ ስለጻፍኩልዎ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «በሂደት ላይ» መሆናቸው ስለተነገረኝ፣ እዚያው ሄጄ ሂደቱን ላለማጨናነቅ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ አንድ የውጭ አገር ሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስከትሎ መጣና አንድ ክፍል ጠየቀኝ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ማዶ ትምህርት ቤት ላስገባት ነው አለ። እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ፤ አመል ነው። ልጅቱን አጎትሽ ማን ይባላል ብላት እሱን አየች፣ መሬቱን አየች፤ ስሙን አታውቀውም። እራት ላብላት ብዬ ወደ ወጥ ቤት ይዣት ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆልፌ ፖሊስ ጠራሁ። ዝናብ ስለነበር ሰውየው ጭቃ የነካውን ጫማውን በር ላይ አውልቆ የቤቱን ነጠላ ጫማ አጥልቆ ነበር፤ ነገሩ ሲሸተው በዚያው ነጠላ ጫማ ድልድዩን ተሻገረ። ነጠላ ጫማዬን እስካሁን አልመለሰም።

በድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለን ማረፊያ ቤቶች የቆየ ልማድ አለን፤ እንግዳ ዕቃ ረስቶ ከሄደ ማዶ ላለው ባልደረባችን እንደውላለን። ስለዚህ ስልክ ከጆሯቸው ስለማይለይ ጋሼ ደወል ለምንላቸው የማዶ ባለ ማረፊያ ደወልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሻንጣ የሚጎትት ባለ ነጠላ ጫማ ሲገባላቸው፣ «ጫማዎ ተገኝቷል፣ እየመጣ ነው፣ አረፍ ይበሉ» አሉት። እሱም ጫማውን ሲጠብቅ የማዶ ፖሊሶች ደረሱ። ስልኩ ሲፈተሽ ልጆችን እየደለለ ለሴሰኞች የሚሸጥ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። የማዶ ሰዎች ታዲያ ማስረጃ የሚሆኑት የልጅቱ ቃልና እኔ ቤት የቀረው ጫማው በእርስዎ ቢሮ በኩል ተፈርሞ ካልደረሰን፣ ሕጋችን ከወሩ መጨረሻ በኋላ አስረን እንድናቆየው አይፈቅድም ብለዋል።

እንግዲህ አቤቱታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቢሮዎ ቀርፋፋ ነው የሚሉ ሐሜተኞችን ስላሳፈሩልኝ አመሰግናለሁ። «ያለ ፈቃድ ዓለም አቀፍ ግንኙነት በማድረግ» እና «እንግዳን ያለ በቂ ምክንያት በመመለስ» የሚለው ማስጠንቀቂያዎ ሰውየው በተያዘ በሦስተኛው ቀን፣ ፊርማና ማኅተሙ ተሟልቶ፣ እጄ ገብቷል። ጋሼ ደወልን የተረሳ ጃንጥላ እየጠየቅኩ ስኖር ለካ ዲፕሎማት ነበርኩ! ከዚያ ወዲህ ስደውልላቸው ፀጉሬን ሳላበጥር ስልክ አላነሣም። እሳቸውም ክብሩ ገብቷቸው «ክብርት ሆይ» ይሉኛል፤ ቀጥለው ግን ያው የጉልበታቸውን ሕመም ያወሩልኛል።

ሁለተኛ፣ የልጅቱ ቃል ተጽፎ፣ ተተርጉሞ፣ በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ጸሐፊዎ እንደነገሩኝ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊርማው የዘገየበትን ምክንያት ስሰማ ኩራት ተሰማኝ። ልጆችን ከእንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ለመጠበቅ አገሮች እንዴት በፍጥነት ሊተባበሩ እንደሚገባ ታላቅ ጉባኤ ሊከፍቱ ንግግር እየጻፉ ነው አሉ። ጉባኤው የሚደረገው በእኔ አዳራሽ ነው፤ የሚከፈተውም በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ባነሩን ትናንት ሰቀልነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። መሰላል ላይ ቆሜ ስሰቅለው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ልወድቅ ነበር። ክቡር ሆይ፣ አንበሳው ታስሯል እኮ። ድሩን አንዲት ወሬኛና አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ አድርተውታል፤ የጎደለው ቋጠሮው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ቅጠሉ በቃለ ጉባኤ መጽደቅ እንዳለበት ግን አላውቅም ነበር።

አራተኛውን ያለ ቀልድ ልበለው። የልጅቱ እናት ከሩቅ መጥታለች። ጉዳዩ ሳያልቅ ከከተማ እንዳትወጡ ስለተባሉ ሁለቱም እኔው ጋ ናቸው፤ እናትየው አንሶላ በማጠብ ታግዘኛለች። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ሒሳብ ላይ እኔን ታስንቀኛለች፣ ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች። ደጅ ግን አትወጣም። የሰውየው ጫማ ከመቀበያው ጀርባ መደርደሪያ ላይ አለ፤ በዚያ ባለፈች ቁጥር አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦ «ጫማውን ሊወስድ ይመጣል?» አይመጣም እንዳልላት ፊርማዎን አላየሁም፤ ይመጣል እንዳልላት አንጀቴ እንቢ አለኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በጨዋ ቋንቋ ከዚህ በላይ አይጻፍልኝም።

ንግግርዎ ጭብጨባ እንዳይለየው፣ ማይክሮፎኑ እንዳይጮህብዎ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ወረቀትም አንድ ቀን ብርሃን እንዲያይ እየጸለይኩ፣ አልጋዎን በንጹሕ አንሶላ አንጥፌ፣ ትራስዎ ላይ አንድ እስክሪብቶ አስቀምጬ የምጠብቅዎ፣

ያለ ፈቃድ ዲፕሎማት የሆንኩት፣
የድልድይ አፍ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጫማውን ዛሬ ጠዋት ጠቅልዬ ለቢሮዎ አስረክቤያለሁ፤ ከልጅቱ ቃል ጋር ወደ ማዶ ይላኩታል ብዬ አምናለሁ። ካልላኩት ደግሞ ባለቤቱ ተፈትቶ ከቤትዎ መጥቶ ይወስደዋል፤ እኔ እንግዳ መመለስ ስለተከለከልኩ አድራሻዎን እሰጠዋለሁ። ልጅቱ መደርደሪያው ባዶ መሆኑን አይታ ስትጠይቀኝ፣ ከእንግዲህ ሊወስደው የሚመጣው እኛ ጋ ሳይሆን ኃላፊው ጋ ነው አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ «ኃላፊው ሴት ልጅ አላቸው?» አለችኝ። ጥያቄው ለእርስዎ ስለሆነ እንዳለ ልኬዋለሁ።