በየብርጓል ልብ ቀናሁ

ሳራዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለን፣ ገብስ መሃል ዳገት እየወጣን ነው። የአክስቴ ልጅ የብርጓል፣ እንደኔው ልቧ በድንገት እየፈጠነ ይጥላት የነበረው፣ እየዘፈነች ቀድማኛለች። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደረቴን ይዣለሁ። የቤታችንን ደረጃ እንኳ እያረፍኩ እንደምወጣ ታውቂያለሽ። እንዲህ ቀንቼ አላውቅም፤ መዳኗ ራሱ አናደደኝ።

«ስትታከሚ አልፈራሽም?» አልኳት ወደ እኔ ስትመለስ።

«ፈርቼ ነበር። በጭኔ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቤ አስገብተው፣ ምቴን የሚያውከውን ቦታ ብቻ በሙቀት ተኮሱት። ሐኪሙ የልቤን ምት በስክሪን እየተከታተለ ነበር። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።

በቅናት አልያዝኩትም፤ ብቻዬን ተነሳሁ። ሳራ፣ ፈርቼ የተውኩትን የልብ ሕክምና ቀጠሮ መልሰሽ አስይዢልኝ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ፖስትካርዱ ሞላ።

ትንቢት