ዘጠና ቀን በማማ ፑራ ቤት

ሰኔ 26

ዝናብ። ከመጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ አላባራም። በረሃ ያለው የስደተኞች ካምፓችን ሰዎች ይህን ቢያዩ ባልዲ ይዘው ይወጡ ነበር።

ጠዋት ድንች ስልጥ ማማ ፑራ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ታያለች።

"ጎበዝ ነሽ። ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከሰሃራ ነው ማማ። ሱዌልማ ነኝ።"

"ሱዌልማ..." ፈገግ አለች። "እኔም ሱዌልማ የምትባል ልጅ አለችኝ።"

ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ። ምን ይባላል?

ከስምንት ዓመቴ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ እዚህ ቤት ነው በየዓመቱ ሁለት ወር የቆየሁት። የካምፑን ልጆች ሙቀቱ ሲብስ ወደ ስፔን ቤተሰቦች ይልኩን ነበር። አሥራ ሁለት የሞላው አይላክም። አሁን ሃያ ሁለት ሆነኝ። ልጇ ኖኤሊያ ናት የጠራችኝ። ከፋሲካ በኋላ "ናፍቀሽናል፣ እናቴ ሁሌ ስምሽን ታነሳለች፣ እንደ ድሮው መጥተሽ ከእኛ ጋር ቆዪ" ብላ ጽፋ። ዘጠና ቀን ቪዛ።

ኖኤሊያ "ትለምድሻለች፣ ጊዜ ስጫት" ትላለች። እናቷ ሰው እንደምትረሳ ለምን አስቀድማ አልነገረችኝም? ምናልባት አፍራ ይሆናል።

ሐምሌ 1

ኖኤሊያ ወደ ከተማ ሄደች። የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። "ለሁለት ቀን ነው" አለች። የማማን መድኃኒቶች ከነሰዓታቸው ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች።

"አንቺ ነርስ ነሽ፣ ለአንቺ ቀላል ነው።"

ነርስ... ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፣ እውነት ነው። የእኛ ክሊኒክ ውስጥ ግን ዋናው ሥራዬ መድኃኒቱ አልመጣም ብሎ ሰው መመለስ ነው።

ሐምሌ 4

አልመጣችም።

ሐምሌ 9

ማማን ማጠብ ከባድ ነው። ዛሬ ክንዴን ቧጠጠችኝ። "ሌባ" አለችኝ። ልብሷን የምሰርቃት መስሏታል። ፎጣ አልብሻት ዝም ብዬ ጠበቅኋት። በረዳት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ራሷ ወደ ውኃው ገባች። ስንጨርስ ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለች። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ናት። አንገቷን ደፍታ ትሰጠኛለች።

ኖኤሊያ ደወለች። ፈረቃ ጨመሩባት። የሚቀጥለው ሳምንት...

ሐምሌ 14

ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ሴልሶን አገኘኋቸው። ከታች ባለው ቤት የሚኖሩት ባለ ላሞቹ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንቺ ነሽ አዲሷ?"

"አዲሷ ምን?"

"ከኤልቪያ ቀጥሎ የመጣሽው ነዋ። የሆንዱራሷ ሴት። ሁለት ዓመት ፑራን ስትጠብቅ ኖራ ፋሲካ ላይ ጥላ ሄደች። ደሞዝ ጨምሩልኝ አለች፣ ኖኤሊያ የለኝም አለች። ጥሩ ሴት ነበረች፣ ላሞቼን በስማቸው ታውቃቸው ነበር።"

"እኔ እንኳን እንግዳ ነኝ።"

"እንግዳ?"

የያዝኩትን ፌስታል አዩት። የማማ ዳይፐር ነው ያለበት። ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ወደ ላሞቻቸው ሄዱ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ ላይ ሄደች። የኔ ደብዳቤ ከፋሲካ በኋላ መጣ።

ሐምሌ 19

ኖኤሊያ መጣች። አይስክሬምና አዲስ ጫማ ገዝታልኛለች። ጫማው ይጠበኛል። የድሮ ቁጥሬን ይሆናል የምታስታውሰው።

ማማ ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ጠየቅኋት።

"ኤልቪያ ማን ናት?"

ጀርባዋን ሰጥታኝ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ከፈተች።

"ሴልሶ ነው አይደል? ያ ሰውዬ አፉ አያርፍም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልሽ? እናቴ ታማለች፣ ነይና እጠቢያት ብልሽ ትመጪ ነበር?"

አሰብኩ። የምሬን ነው ያሰብኩት።

"እመጣ ነበር" አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። እጆቿ ከበረዶውና ከጨዉ የተነሳ ተሰነጣጥቀዋል። ባሏ ትቷት ሄዷል፣ ያንንም ዛሬ ነው የሰማሁት። ልጠላት ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም።

"እንደ እህቴ ነው የማይሽ ሱዌልማ።"

"እህት ከሆንኩ ተራ አለን ማለት ነው። ነገ አንቺ እጠቢያት።"

ሳቀች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። በመስከረም ከተማ ውስጥ የነርስ ረዳቶች ትምህርት ይጀመራል፣ አስመዘግብሻለሁ፣ ትቀሪያለሽ፣ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ አለች። ብዙ ነገር አለች። አመንኳት? እንጃ... ግን ሌሊቱን ያሰብኩት ስለዚያ ነው። ነጭ ልብስ ለብሼ።

(ጠዋት ማማን አላጠበቻትም። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ቸኩላ ወጣች።)

ሐምሌ 26

ማማን ለሴልሶ አደራ ብዬ ከተማ ወረድኩ። ትምህርት ቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ አምጪ አለኝ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። መነጽር ያደረገች ሴት። ክፉ አይደለችም፣ ደክሟታል።

"በእንግዳ ቪዛ ነው የገባሽው። በዚህ ፈቃድ አይሰጥም።"

"በምን ይሰጣል?"

"ሁለት ዓመት እዚህ መኖርሽን ካረጋገጥሽ ያኔ ማመልከት ትችያለሽ።"

"ቪዛዬ ሦስት ወር ነው። ሁለት ዓመት እንዴት ነው የምኖረው?"

ብዕሯን አስቀመጠች።

"እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም" አለችና ቀጣዩን ቁጥር ጠራች።

ስመለስ ማማና ሴልሶ አጥሩ ሥር ተቀምጠው አንድ ዳቦ ለሁለት እየበሉ ነበር። ማማ ከላሞቹ አንዷን "ኤልቪያ" ብላ ትጠራታለች። ሴልሶ አያርሟትም።

ነሐሴ 3

እህቴ ምኔይና የድምፅ መልእክት ላከች። "እማ እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶባታል፣ ለሱዌልማ እንዳትነግሪያት ብላለች፣ እኔ ግን ነገርኩሽ።"

እናቴ ስኳር አለባት። "ትንሽ ቁስል" ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

"ሽታ አለው?" ብዬ ጻፍኩላት።

"ትንሽ።"

ክሊኒካችን ውስጥ ፋሻ አለ? ስወጣ ሁለት ጥቅል ቀርቶ ነበር። ማን ያጥብላታል? በምን ውኃ? ቦቴው የሚመጣው በሃያ ቀን አንዴ...

ማማ ፑራ ከወገቧ በታች ከመቀመጥ ብዛት ቆዳዋ ቀልቷል። አጠብኩላት፣ ቅባት ቀባሁላት፣ ንጹሕ ፋሻ አደረግሁላት። መሳቢያው በፋሻ ሞልቷል። መሳቢያውን ዘጋሁት።

ነሐሴ 10

ፀሐይ ወጣች። አንሶላ ላሰጣ ወጣሁ፣ ማማ በር ላይ ወንበሯ ላይ ነበረች።

"ሱዌልማ።"

አልዞርኩም። የተሳሳትኩ መሰለኝ።

"ሱዌልማ፣ ጥርስሽን ሳላሠራልሽ ሄድሽ።"

የፊት ጥርሴ ከልጅነቴ ስባሪ ነው። እሷ ብቻ ናት ስለሱ የምታወራው። ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችኝ። ዓይኗ... ያው የድሮው ዓይኗ ነበር።

"ምንም አይደል ማማ። አያመኝም።"

"አድገሻል። ቤት ማን አለ?"

"እናቴ፣ እህቴ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። "እዚህ እኮ ማንም የለም።"

እጇን ከፊቴ ላይ አነሳች።

"አንቺ ሴትዮ፣ አንሶላዬን ወዴት ነው የምትወስጂው?"

ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ለኖኤሊያ አልነግራትም። የኔ ናት ያቺ ሁለት ደቂቃ።

ነሐሴ 16

የእማን ሁለት የእግር ጣቶች ቆረጡ። እማን ከካምፑ ውጭ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ወስደዋት። ምኔይና ስትነግረኝ ከኋላዋ የእማን ድምፅ ሰማሁ፣ ነርሷን ስትቆጣ። እሱ ደስ አለኝ።

ቲኬቴን ቀይሪልኝ ብዬ ለኖኤሊያ ደወልኩ። "አሁን ከሄድሽ እኔ ሥራዬን እለቅቃለሁ፣ ሌላ ሰው የለኝም፣ ለእናቴ ቦታ እስካገኝ ብቻ..." ለእናቴ። እኔም ለእናቴ ነው የምለው አልኳት። ስልኩን ቀድሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቀረሁ። ማማ እኮ ብቻዋን ናት።

ነሐሴ 25

ኖኤሊያ ሜትር የያዘ ሰው ይዛ መጣች። ሰውዬው ግድግዳውን ይለካል፣ ማማ ከኋላው እየተከተለች "ቡና ትጠጣለህ?" ትለዋለች።

ቤቱ ተሽጧል። ማማ መስከረም 6 የአረጋውያን ማዕከል ትገባለች። ኖኤሊያ ይህን ሁሉ የነገረችኝ የማማን ልብስ እያጠፈች ሳጥን ውስጥ ስትከት ነው።

"ትምህርቱስ?"

"ሱዌልማ... ወረቀቱ እንደማይሆን ሰምተሻል። የሥራ ባልደረባዬ ግን አባት አላት፣ ሽማግሌ፣ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለ ወረቀት አይጠይቁም። መኝታ አለ፣ ደሞዝም አለ። እውነተኛ ደሞዝ።"

"ቪዛዬ ሲያልቅስ?"

"እዚህ እንዳለሽ ማን ያውቃል? ማንም አይጠይቅሽም።"

ማንም አይጠይቅሽም። ልታጽናናኝ ነው እንደዚያ ያለችው።

ከሄድኩ ሌላ ቪዛ አይሰጡኝም፣ የሚጋብዘኝም የለም። ከቀረሁ ደግሞ መውጣት አልችልም። እማ አንድ ነገር ብትሆን... አልጽፈውም።

መስከረም 2

የእማን እግር ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ዛሬ ራሷ ድምፅ ላከችልኝ፣ ወደ ድንኳናችን ከተመለሰች በኋላ። ስድስት ጊዜ ሰማሁት።

"ልጄ፣ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ሌምሪያ የጎደላት ግራዋ ነው፣ የኔ ቀኝ። አንድ ጫማ ገዝተን ለሁለት እንካፈላለን ተባብለናል፣ ከእሷ ግን እግሬ ሰፊ ነው።" ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ልትመጪ እንደሆነ ምኔይና ነገረችኝ። ስሚኝ። ብትመጪ እግሬን ታበቅይዋለሽ? እዚህ ተቀምጠሽ ታይኛለሽ፣ በቃ። መድኃኒት የሚልክ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ፣ የሚያየኝ ሞልቷል። አትምጪ። እናትሽ ነኝ፣ አትምጪ ብዬሻለሁ።"

መስከረም 6

ማማን ወሰዷት። ሰማያዊ ቀሚሷን አለበስኳት። የገበያ ቀን መስሏት ደስ ብሏታል። መኪናው ውስጥ ገብታ አጠገቧ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች።

"አንቺም ነይ፣ ቦታ አለ።"

ኖኤሊያ "ሌላ ጊዜ ማማ" አለችና በሩን ዘጋች።

ቤቱን አጸዳሁ። ፍሪጁን ነቀልኩ። ቁልፉን ለሴልሶ ሰጠሁ። አይብ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ለመንገድ" አሉ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቁኝም።

መስከረም 11

ለጊዜው ኖኤሊያ ጋ ነው የማድረው። ልሂድ ልቅር አልወሰንኩም።

መስከረም 18

የምመለስበት አውሮፕላን ጠዋት ያለ እኔ ሄደ። የሚነሳበትን ሰዓት አውቀው ነበር፣ ለዶን ኢላዲዮ ጫማቸውን እያሰርኩላቸው ሰዓቱን አየሁ። አዲሱ ሽማግሌዬ ናቸው፣ የኖኤሊያ ባልደረባ አባት። ቀኑን ሙሉ የብስክሌት ውድድር ያያሉ። ክፉ አይደሉም። ስሜን መያዝ ስለከበዳቸው "ልጅት" ይሉኛል።

ዛሬ ዘጠናኛው ቀን ነው። ከሰዓት ዕረፍቴ ነበር፣ ማማ ፑራን ልጠይቅ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለችው ሴት መዝገብ አወጣች።

"ምኗ ነሽ?"

"ልጇ... ማለቴ ትንሽ ሆኜ እሷ ጋ ነበርኩ፣ በየዓመቱ። አሳድጋኛለች ማለት ይቻላል።"

"ዝርዝሩ ላይ ያለችው ኖኤሊያ ብቻ ናት።"

"ሱዌልማ የሚል የለም?"

አገላበጠች። "የለም። ለማያውቁት ሰው በር አንከፍትም፣ ይቅርታ።"

ከኋላዬ ሰዎች ቆመዋል። አበባ የያዙ፣ ልጆች የያዙ። ልመለስ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ።

"ሠራተኛዋ ነበርኩ" አልኩ።

"እ፣ እንደዚያ በይኛ።" ብዕር ሰጠችኝ። "የቀድሞ ሠራተኞች ሁሌ ይመጣሉ። እዚህ ጋ ሙዪው።"

ስም። ሰዓት። ዝምድና በሚለው ሥር "ሠራተኛ" ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ።

ማማ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥረውታል። አላወቀችኝም፣ እኔም ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ጥፍሯ አድጎ ነበር። መቀስ ለምኜ ቆረጥኩላት። እጇን ሳታየኝ ዘርግታ ሰጠችኝ፣ አንዱን እጅ ስጨርስ ሌላውን።

አሁን አውቶቡስ ላይ ነኝ። ዶን ኢላዲዮ እራታቸውን በአንድ ሰዓት ነው የሚበሉት።

እማ መልእክት ልካለች። "ማማ ፑራን አየሻት? ልጄ መጣች ብላ ደስ አላት?" ትላለች።

"በጣም" ብዬ መለስኩላት።