አራት ደቂቃ

ኦገስት 31፣ ሰኞ

ዛሬ አርባ ስድስት ቁርጭምጭሚት በቴፕ አሰርኩ። አርባ ስድስት! ጣቶቼ እስካሁን እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው ናቸው... አንዱ «ጠበቀ» ይላል፣ አንዱ «ላላ»።

የኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የመክፈቻ ጨዋታው ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ ነው። ኮች ሃርደን የቀሩትን ልምምዶች ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ «አስራ አንድ ቀርቶናል። አንዷንም እንዳታባክኑ» አላቸው። አምና ከአስር ጨዋታ ያሸነፉት ሁለት ነው። ዘንድሮ ካልቀናው ኮሌጁ ያሰናብተዋል እየተባለ ነው። ጥርሱን ነክሷል።

አለቃዬ ግሌን ከነገ ጀምሮ የለም። ጀርባውን ኦፕሬሽን ሊሆን ነው። ስለዚህ የቡድኑ አትሌቲክ ትሬነር፣ የልጆቹን ጉዳትና ደህንነት የሚከታተል፣ እኔ ብቻ ነኝ... ከተመረቅኩ ገና ዓመቴ። ቁልፎቹን፣ የመድኃኒት ሳጥኑን፣ መብረቅ ስንት ማይል እንደራቀ የምታሳየውን ዲቴክተር አስረከበኝ።

«ስምንት ማይል ወይም ከዚያ በታች ካለች ጡሩምባውን ንፊ። ሁሉም ይገባል። ከመጨረሻው ብልጭታ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ማንም አይወጣም። በዚህ ጉዳይ ከኮቹ በላይ አንቺ ነሽ።»

እኔ፣ ከኮች ሃርደን በላይ... እሱም ይስማማል ወይ?

ሴፕቴምበር 2፣ ረቡዕ

ዝናብ። ከትላንት ጠዋት ጀምሮ ሳያቋርጥ። ሜዳው ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ሆኗል። ልምምዱ ጂም ውስጥ ሆነ። መረብ ኳስ የሚጫወቱት ሴቶች ሰዓታችንን አንለቅም ብለው ጭቅጭቅ። እዚያች ጂም ውስጥ ዘጠና ወጠምሻ ታጭቆ... መሮጥ የለ፣ መጋጨት የለ። ላብና እርጥብ ካልሲ መሽተት ብቻ።

ከሁሉ የከፋው ባርናባስ ነው። በቡድኑ ውስጥ ያለው ብቸኛ የኛ አገር ልጅ። ኪከር ነው፤ ሥራው ኳሷን መሬት ላይ እንደተያዘች መትቶ በሁለቱ ብረቶች መሀል ማሳለፍ። ጂም ውስጥ ጣሪያው አያስመታውም። ለቦታው ከሌላ ልጅ ጋር እየተፎካከረ ነው፣ ኮቹ በመጪው ሳምንት ይወስናል።

«ፀዲ፣ እኔ ኪክ አላደረግኩም ሁለት ቀን» አለኝ። አማርኛው እንዲህ ነው፤ እዚሁ ጋርላንድ ነው የተወለደው።

«ያባራል፣ አይዞህ።»

«ካላባራስ?»



ሴፕቴምበር 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ሁለቴ ከሜዳ አስወጣኋቸው። መጀመሪያ ከሰዓት በ3:20፣ ዲቴክተሯ ሰባት ስትል። ነፋሁ፣ ገቡ። ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ወጡ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ስምንት አለች። ነፋሁ። እንደገና ሠላሳ። ይሄኔ ደግሞ ፀሐይ ወጣች... ፀሐይ! ኮቹ በሩ ላይ ቆሞ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ወደ ሰማይ እየጠቆመ፣

«እስቲ መብረቁን አሳዪኝ። የቱ ጋ ነው?»

ሳቁ። ኮሪደር ላይ ሳልፍ አንዱ «ሚስ ዌዘር»፣ ወይዘሪት አየር ጠባይ፣ ብሎ ጠራኝ።

ትክክል ነበርኩ። አውቃለሁ። ታዲያ ፊቴ ለምን እንዲያ ጋለ? እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው... አንድ መብረቅ እዚያው ወርዶ ቢያሳፍረው ብያለሁ በልቤ። ምን ዓይነት ሐሳብ ነው?

ሴፕቴምበር 4፣ ዓርብ

ዘነበ። ጂም።

ሴፕቴምበር 5፣ ቅዳሜ

እርስ በርስ ሊጫወቱት የነበረው የመጨረሻ የልምምድ ጨዋታ ተሰረዘ። ኮቹ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር በመዳፉ አጠፋው። ሌላ አልጻፈበትም።

ሴፕቴምበር 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የባርናባስ እናት፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ በር ላይ ያዙኝ። ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፤ ከጀመሩ አስራ ሰባት ዓመታቸው። የሥራ ዩኒፎርማቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ከዚያው ወደ ሺፍት ሊሄዱ።

«ፀዲዬ፣ ይሄ ጨዋታቸው ያስፈራኛል። ሲላተሙ ዓይኔን ነው የምጨፍነው።»

«እሱ እኮ አይላተምም እትዬ። ኪከር ነው። የሚለማመደው ራቅ ብሎ ለብቻው ነው።»

«እሱም እንደዚያ ይላል። እኔ ግን አንቺ እዚያ አለሽ ብዬ ነው ሥራ ውዬ የምገባው። አደራሽን።»

«አያስቡ» አልኩ።

ሴፕቴምበር 7፣ ሰኞ

ሌበር ዴይ፣ የሠራተኞች በዓል። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ እኛ ልምምድ። ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ጡሩምባ። በድምሩ አስራ ስምንት ደቂቃ ነው ሜዳ የረገጡት።

ከዚያ ኮቹ ቢሮው ጠራኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ቅዳሜ የሚገጥሙን ልጆች ከተማ ደረቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ ሰንብተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ግሌን ቢሆን ያመዛዝናል። ቁጥሯን ብቻ አያይም።»

«ደንቡ እኮ...»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ከመንፋትሽ በፊት ወደ እኔ ተመልከቺ። የምለምንሽ እሱን ብቻ ነው።»

ለግሌን ልደውል ስልኩን ከፈትኩ። ታሞ የተኛ ሰው... ዘጋሁት። ደግሞስ ሳምንት ሳይሞላት አቃታት ቢለኝ? አንዴ ማየት ነው። ማየት ምን አለበት?

ሴፕቴምበር 8፣ ማክሰኞ

በተራ በተራው ልጻፈው።

ከሰዓት። በስተምዕራብ ጠቁሯል እንጂ አይዘንብም። ቡድኑ መሀል ሜዳ። ባርናባስ ለብቻው ከወዲያኛው ብረት አጠገብ። ስድስት መትቶ ስድስቱንም አገባ፤ ቆጥሬለታለሁ። ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

4:08። ዲቴክተሯ ሰባት አለች።

ጡሩምባው እጄ ላይ ነበር። ኮቹን አየሁት። ሁለት ጣቱን አነሳ። ሁለት ሙከራ ብቻ፣ ማለቱ ነው።

ጠበቅኩ።

ሁለቱ አራት ሆነ። ዲቴክተሯ ስድስት አለች። አምስት። 4:12 ላይ ነፋሁ። ሁሉም ሮጡ። ባርናባስ ግን ሩቅ ነው፣ ደግሞ ኳሶቹን ወደ ከረጢቱ ይሰበስባል... «ተወው! ተወውና ና!» አልኩ፣ በአማርኛ። ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ መሮጥ ጀመረ። ከዚያ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ድምፁን በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የሰማሁት። ከብረቱ ጀርባ ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ነው የወረደው።

ቀና ስል ባርናባስ በደረቱ ተደፍቷል።

ማንም አይወጣም ይላል ደንቡ። ወጣሁ። ይተነፍሳል፣ ዓይኑ ተከፍቷል። ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል።

«እግሬ የለም» አለኝ። «ፀዲ፣ እግሬ የለም።»

እግሩ አለ። ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ስቆነጥጠው አይሰማውም። አጠገቤ ሌላ ሰው ተንበረከከና በእግሩ በኩል ያዘው። ኮች ሃርደን ነበር። ሁለታችን ተሸክመን አስገባነው።

አምቡላንስ።

አራት ደቂቃ። በአራት ደቂቃ እዚያ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እየተራመደ ይገባ ነበር።

ሴፕቴምበር 9፣ ረቡዕ

እግሩ ተመለሰ! ሐኪሟ እንዳለችው መብረቅ አንዳንዴ እግርን ለሰዓታት ያደነዝዝና ይለቃል። ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ አየሁ። የግራ ጆሮው ታምቡር ግን ተቀዷል። መስማቱ ይመለስ አይመለስ ገና አይታወቅም።

እትዬ ወሰንየለሽ ኮሪደር ላይ እጄን ያዙና ሳሙት። እጄን!

«ሮጠሽ ወጥተሽ አነሳሽው አሉኝ። አንቺ ባትኖሪ ልጄን ቀብሬው ነበር።»

እጄን መንጠቅ ቃጣኝ።

ቢሮ ስደርስ የአደጋ ሪፖርቱ ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው የታየበት ሰዓት። ጡሩምባው የተነፋበት ሰዓት። ኮቹ ገብቶ ቆመ። እንቅልፍ ያልነካው ፊት።

«4:12 አየሽ፣ 4:12 ነፋሽ።»

ጥያቄ ይሁን ትእዛዝ አልገባኝም። አልጠየቅኩትም።

4:12 ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ቦታ። ፈረምኩ።

ሴፕቴምበር 10፣ ሐሙስ

ፊርማዬ ዓይኔ ላይ ነው የሚመጣው።

ባርናባስ ዛሬ ወጣ። መራመድ ቢችልም የሆስፒታሉ ሕግ ነው፣ እስከ በሩ በዊልቸር። አንድ ሠራተኛ ሊገፋው መጣ። እናቱ በእጃቸው ከለከሉት።

«ስንት ዓመት የሰው ገፍቻለሁ። የራሴን ልጅ ሌላ አይገፋውም።»

ፍሬኑን በጫማቸው ጫፍ ለቀቁ። በጠባቡ ሊፍት በር ኋሊት ዞረው፣ መንኮራኩሩ ሳይነካካ አስገቡት... ሥራቸው ነው።

ታች በር ላይ መኪና ስንጠብቅ ይዘንባል። ያን ጊዜ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ጡሩምባውን አራት ደቂቃ አዘግይቼዋለሁ። ቁጥሩን አይቼ። ኮቹን ፈርቼ።»

መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም።

«አይተሽ?»

«አይቼ።»

«አደራ ብዬሽ?»

ባርናባስ በደህናው ጆሮው በኩል ወደ እኛ ዞረ። «አውቃለሁ» አለ። «ኮች ስታዪ እኔ አየሁሽ።» ከዚያ ወደ እናቱ፣ «ማሚ፣ እኔም ነጎድጓድ ሰማሁ። በፊት። አንድ ኪክ ብቻ አልኩ። ማለቴ... ቦታው ለኔ እንዲሆን።»

እናቱ ሁለታችንንም አላዩንም። ወንበሩን ገፍተው መኪናው ድረስ ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ደህና ሁኚ አላሉኝም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ። አዲስ ፎርም። 4:08። 4:12። ምክንያት በሚለው ሥር፣ «ዋናው አሠልጣኝ ሁለት ሙከራ ጠየቀ፤ እኔም ሥራዬ ሆኖ ሳለ እምቢ አላልኩም። የትላንትናው ሪፖርት ሐሰት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ለአትሌቲክስ ዳይሬክተሯ በእጇ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

ሴፕቴምበር 11፣ ዓርብ

ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አደረሰሽ... አላነሳሁም።

ሰኞ ጠዋት በ9:00 ስብሰባ አለ። እስከዚያ ታግጃለሁ፤ ሜዳው አካባቢ አልደርስም። ለነገው ጨዋታ ከሌላ ኮሌጅ ትሬነር ተውሰዋል። ለግሌን ደውዬ ሁሉንም፣ ባለፈው ሰኞ ስልኩን መልሼ መዝጋቴንም ነገርኩት። «ሰኞ ልትደውዪልኝ ነበር ማለት ነው? ምነው በደወልሽ» አለ። አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰው።

ዕቃዬን ላነሳ ስገባ ኮቹን ኮሪደር ላይ አገኘሁት።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። ሄደ ስል ቆመ። «ሁለት ነበር ያልኩት» አለ። «አራት ሲሆን ቆጥሬያለሁ።» ከዚያ ሄደ።

ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ

እኩለ ቀን ላይ እትዬ ወሰንየለሽ ደወሉ።

«ልጁ ጨዋታውን በኮምፒውተር ሊያዳምጥ ነው። እኔ የሚሉት አይገባኝም፣ እሱም ብቻውን ሊፈነዳ ነው። ነይ።»

ቤታቸው ጋርላንድ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። በሩን ከፍተው «ግቢ» አሉ፣ ሳይስሙኝ። ባርናባስ ሶፋው ላይ ላፕቶፑን በቀኝ ጆሮው በኩል አስጠግቶ ተቀምጧል። ጨዋታው ጭቃ በጭቃ ነው። ኳስ ከእጅ ያመልጣል፣ ይወድቃሉ። ልምምድ ያላገኘ ቡድን መሆኑ ያስታውቃል። ቢሆንም ሦስተኛው ሩብ ላይ አስር ለአስር ነበሩ፣ ኳሷም በእጃችን።

ድንገት ተንታኙ ግራ ገባው። ባርናባስ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኘን።

«ምን አለ?» አሉ እናቱ።

«ኮች... ኮች ልጆቹን አስወጣ። ከሜዳ። ዳኛ ምንም አላለም፣ ኮች ራሱ። ሁሉም እየገቡ ነው።»

ተመልካቹ ሲጮኽበት ይሰማል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዳኞቹም ጨዋታውን ለመብረቅ አቆሙት። ማንም ምንም አልሆነም።

እትዬ ወሰንየለሽ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩና፣

«ሰኞ ምን ይሉሻል?»

«አላውቅም። ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ።»

«ካላሰናበቱሽስ?»

«እኔንጃ እትዬ... መመለስ የሚገባኝ አይመስለኝም።»

አሁን ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ልጄ ስጠራው በቀኙ እየዞረ ነው የሚሰማኝ። ግን ሥራሽን ከሰጡሽ ግቢ። ከእንግዲህ የማንንም ጣት የምታዪ አይመስለኝም። የሌሎቹም ልጆች እናት አላቸው።»

አንገቴን ደፋሁ። ተነስተው ሻይ ጣዱ።

ጨዋታው ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ቀጠለ። ተሸነፍን፤ አስራ ሦስት ለአስር። መጨረሻ ላይ የኛ ኪከር፣ ያ ሌላው ልጅ፣ አቻ የምታደርገውን ኳስ በግራ ሳታት። ባርናባስ ትራሱን ወርውሮ፣ «እኔ አገባት ነበር! ማሚ፣ አገባት ነበር!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በልና ሻይህን ጠጣ» አሉት። ፊታቸው ላይ ግን ከማክሰኞ ወዲህ ያላየሁት ነገር አለፈ... ፈገግታ ልበለው?

ሰኞ ጠዋት በ9:00 እሄዳለሁ። የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ሥራዬን ከመለሱልኝም እገባለሁ።