የማሂ ድምፅ ያለበት ግማሽ

ጂዛን
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማሂዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ከባሕሩ ማዶ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽልኝ? ትምህርቱስ፣ ያ የዶርም ቁንጫስ ለቀቃችሁ? አክስትሽ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ሰሞኑን ብቻዬን እየሳቅኩ ልብስ የማሰጣ ሴት ሆኛለሁ። ማዳም ሩዋይዳ እንኳ ትናንት ከበሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣ ዘነቡ ምን አግኝተሽ ነው አለችኝ። ሳቅ ብዬ ቀጣዩን አንሶላ አሰጣሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። ሁለተኛው እየጻፍኩ ስሄድ ራሱ ይመጣል። አንደኛው ይኸውልሽ፦ ይህን የምጽፍልሽ ላፕቶፔ ውስጥ ከዊንዶውስ ጎን በገዛ እጄ በጫንኩት ሊኑክስ ላይ ነው። አዎ፣ እኔው እናትሽ። የአማርኛ ፊደሉንም ፈልጌ አግኝቻለሁ፤ «ሐ»ን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ስጨርስ ኮምፒውተር ጠጋኙ አብዱልፈታህ ሱቅ አሳትሜ ለሱአድ እሰጣታለሁ። ሱአድ ጎረቤት ቤት የምትሠራው የከሚሴዋ ልጅ ናት፤ ማክሰኞ አገር ትገባለች።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ደውዬልሽ ምን እየተማራችሁ ነው ብልሽ፣ «ሊኑክስ የሚባል ነገር ነው እማ፣ አይገባሽም» አልሽኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ስልኩ ሲዘጋ ያወራነውን መልሼ ሳስበው፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በላሽ፣ በላሁ፣ በቃ። ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረም። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ሐይቅ ትምህርት ቤት ሳለሁ በሒሳብ የሚቀድመኝ ወንድ እንኳ ሁለት ብቻ ነበር። ልጄ የምታውቀውን ሁሉ ባላውቅም፣ አንድ ቀን «እማ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ» ብትለኝ፣ «ዲስኩን አየሽው?» የምላት ልሁን ብዬ ተነሣሁ።

ላፕቶፑን ታውቂዋለሽ፤ ማዳም ሩዋይዳ አስተማሪ ናትና አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጠችኝ። ባትሪው የሞተ ነው፤ ሽቦው ካልተሰካ አንዲት ደቂቃ አይቆይም። ውስጡም ከላይ እስከ ታች ዓረብኛ ነው። እኔ ደግሞ ዓረብኛ እንደ ውሃ እናገራለሁ እንጂ ሳነበው የሳሙናና የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን ያህል ነው።

አሁን ያልነገርኩሽን ነገር ልንገርሽ። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ የላክሽልኝ ድምፅ ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። በአክስትሽ ስልክ በኢሞ የላክሽው፣ በኋላ በዋትሳፕ የላክሽው፣ እኔም የመለስኩልሽ፣ አንድም ሳይጣል። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር አብዱልፈታህ እያዛወረ ያስቀምጥልኝ ነበር። አራት መቶ አስራ ሁለት ነበሩ። ሌላዋ እናት የልጇ ጥርስ ሲወልቅ ታያለች። እኔ ግን የሰማሁት ነው፤ ሰባት ዓመትሽ ላይ ቃሉ ሁሉ በጥርስሽ መሐል ያፏጭ ነበር። የልጅነትሽ ነገር ያለኝ እሱ ብቻ ነው ማሂዬ። ፎቶማ ሁሉም ሰው አለው።

ያን ይዤ ነው እንግዲህ ሊኑክስ ቦታ እንዲያገኝ ዲስኩን ለሁለት ልከፍል የተነሣሁት።

መጀመሪያ ሊኑክስን በፍላሽ አስጭኜ መጣሁና ሞከርኩ። እምቢ አለ። ሌላኛው፣ ዊንዶውሱ፣ ገና ዲስኩ ውስጥ ነው፣ አልነካውም ይለኛል። አጥፍቼዋለሁ እኮ! ይዤው ወደ አብዱልፈታህ ሄድኩ። የባቲ ሰው ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ገበያው ዳር ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ። ከፈተው፣ አየው፣ ሳቀ።

«እታለም፣ ዊንዶውሱ መች ጠፋ፤ አሸልቦ ነው። ቶሎ እንዲነቃ ብሎ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው። የተኛ ሰው አልጋ ደግሞ አይከፈልም» አለኝ።

ይህ ነገር እንዴት ደስ እንዳለኝ። እቃ ሳጥብ ሁሉ ያን ማሽን አስበው ነበር፤ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የአንቺን ድምፅ አቅፎ ሲያልም። አብዱልፈታህ ዊንዶውሱ ሳያሸልብ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ አደረገና ዲስኩን ለሁለት እኩል ግማሽ ከፈለው። በካርቶን ቁራጭ ላይም ሥዕል ሣለልኝ፤ አንድ ረጅም ሣጥን፣ መሐሉ ላይ መስመር። በግራው «የማሂ ድምፅ፣ አይነካ»፣ በቀኙ «ባዶ፣ እዚህ ጫኚ» ብሎ ጻፈበት። ቀሪውን እኔ ልጨርሰው አለ። ኸላስ፣ በቃህ፣ አንተ ከሠራኸው እኔ ለልጄ ምኑን ልነግራት ነው አልኩት። ከመንካትሽ በፊት ቅጂ አውጪ፣ ሌላ ፍላሽ ላውስሽ ሲለኝም፣ ነገ እወስዳለሁ ብዬ ካርቶኔን ይዤ ሄድኩ። በነጋታው ግን አልሄድኩም።

ዓርብ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ደርብ የምትባል ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ቤቱ ለእኔ ቀረ። የጂዛን ቀትር ልብ ይወስዳል፤ ባሕሩ ወተት ይመስላል፣ ሰማዩና ውሃው የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም፣ ከግቢው ደግሞ ፉል የሚሉት የነጭ አበባ ሽታ ይገባል። የኩሽናውን ጠረጴዛ ጠርጌ ካርቶኑን ከጎኔ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ ከፍላሹ ተነሣ። ሁለት ሣጥን አሳየኝ፤ እኩል ናቸው፣ በመጠን አይለዩ። ጽሑፉ እንደ ላፕቶፑ ዓረብኛ ነው። ካርቶኔን አየሁ፦ በቀኝ ያለው ባዶ። በቀኝ ያለውን ነካሁ። ይሰረዝ ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፣ ያላ፣ ቀጥል አልኩት።

ከዚያ መጠበቂያው መስመር መሙላት ጀመረ። ጉንጬን ደግፌ አየው ነበር፤ ሰማያዊ ነው፣ ቀስ እያለ የሚሞላ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ። ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይሄዳል።

ከቀኝ ወደ ግራ!

አየሽው ነገሩን? ዓረብኛ ሲሆን ማሽኑ ጽሑፉን ብቻ አይደለም የሚገለብጠው፤ ሥዕሉንም ነው። የእነሱ መጀመሪያ የእኛ መጨረሻ ነው። አብዱልፈታህ በአማርኛ ልማዱ በግራ የሣለውን፣ ላፕቶፑ በቀኝ አስቀምጦታል። የሰረዝኩት አንቺን ነው።

ሽቦውን ሳብኩት። እንዴት እንደሳብኩት አላውቅም፤ መሰኪያው ግድግዳው ላይ ቀለም ልጦ ወጣ። ባትሪ የሌለው ነገር ወዲያው ጭጭ አለ። ከዚያ ቤተሰቡ እስኪመለስ ድረስ ክዳኑ ላይ እጄን ጭኜ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ጥርስሽ ሲያፏጭ እንዴት ነበር? ብሞክር ብሞክር በጆሮዬ ሊመጣልኝ አልቻለም።

በነጋታው ማዳምን አስፈቅጄ፣ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ በታክሲ ሄድኩ። አብዱልፈታህ የጠቀለልኩትን ሲያይ ሳልነግረው ገባው። ስነግረው ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ይሄን ስህተት ዓረብ አይሠራውም። አገር ቤት ያለ ሰውም አይሠራውም» አለ። «ጂዛን ተቀምጠን በአማርኛ የምናስብ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምንሠራው። ጥፋቱም የእኔ ነው እታለም፣ ሥዕሉ የእኔ።»

«ጠፍታለች?» አልኩት። ድምፆቹ ማለት አቅቶኝ ነው እንደዚያ ያልኩት።

«ዲስክ እንደ ትልቅ መጽሐፍ በዪው። ስትሰርዢው የሚቀደደው ማውጫው ነው እንጂ ገጹ አይደለም። ሌላ ጽሑፍ ካልተጻፈበት ገጹ እዚያው አለ። መች ነው ያቆምሽው?»

ሽቦውን ነቀልኩት አልኩት። ባትሪ እንደሌለው ሲያስታውስ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ለሦስት ዓመት ባትሪ ልግጠምልሽ እያለ ሲለምነኝ እምቢ ያልኩት አላህ አውቆ ነው አለ። ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ገጽ በገጽ እያገላበጠ የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሣ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ደውሎ ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ። «እማ፣ ዛሬ ዶሮዋ ፈለፈለች፤ ሰባት ናቸው» አልሽኝ። ያፏጫል። የማዳም እናት ክፍል ውስጥ መጥረጊያ ይዤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሦስት መቶ ዘጠና ሰባቱ ተገኙ። አስራ አምስቱ ቀርተዋል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ስለማላውቅ ለየትኛው እንደማዝን ቸገረኝ። የተገኙትም ማውጫቸው ስለተቀደደ ስምም ቀንም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው፣ የአንቺም የእኔም ተደባልቀው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰምቼ በየዓመቱ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

አቤት ያ ሳምንት! ልብስ ስተኩስ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ጆሮዬ ላይ አንቺ ነሽ። አስራ አራት ዓመት ሆነሽ ትጀምሪና በሚቀጥለው ስድስት ትሆኛለሽ። ዓመቱን የለየሁት በድምፅሽ ብቻ አይደለም፤ ከኋላሽ ባለውም ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ካለ ክረምት ነው። የአያትሽ የአባባ ሳል ካለ ገና በሕይወት ሳለ ነው። ሳሉ ሲጠፋ ከዚያ ወዲህ ነው። የሐይቅ ደወልና አዛን እኩል ከተሰሙ ማለዳ ነው፣ ትምህርት ቤት ልትሄጂ። አንዱ ላይ ምንም አላልሽም፤ ስልኩን ረስተሽው ስትተነፍሺ ብቻ ይሰማል። እሱን ሦስቴ ሰማሁት። ለየትኛው ዓመት እንደምሰጠው ስላላወቅኩ ብቻውን አስቀመጥኩት።

በመሐል ደግሞ እኔ እመጣለሁ። «ለፋሲካ እመጣለሁ ማሂዬ።» ሌላውን ስከፍት «ዘንድሮስ ለፋሲካ ነው፣ አይቀርም።» ዘጠኝ ቆጠርኩ። አንዱን ዓመት በሽታው ገባ፣ አንዱን መንገዱ ተዘጋ፣ አንዱን ጦርነቱ እናንተው ደጃፍ ደረሰ፤ ሌሎቹን እኔም አላስታውሳቸውም። ድምፄ እየወፈረ ይሄዳል፣ ቃሉ ግን ያው ነው። አስር ዓመትሽ ላይ የመለስሽልኝ አለ። አልተቆጣሽም፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብለሽ ነው፦ «እሺ እማ። ግን የትኛው ፋሲካ?»

ያኔ ስሰማው ስቄ ነበር መሰለኝ። ለዚያ የመለስኩልሽ ድምፅ ሳቅ አለበት።

እንግዲህ ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። በድምፅ ብልክልሽ አፌ የለመደውን ቃል ይናገራል ብዬ ፈራሁ። ያን ቃል ከእንግዲህ ለሰውም ለዲስክም አልሰጥም። ደብዳቤ ሲሆን ጣቴ እያሰበ ነው የሚሄደው።

ሊኑክሱን ደግሞ፣ አብዱልፈታህ የተሰረዘውን ዊንዶውስ በግራው ግማሽ ከመለሰው በኋላ ጫንኩት። መጀመሪያ ቅጂ አወጣሁ፣ በሁለት ፍላሽ። ሲጀምር ቋንቋ ሲጠይቀኝ እንግሊዝኛ አልኩት፤ ቢያንስ ከግራ ይነሣል። አብዱልፈታህ ከጎኔ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር፤ ጠቋሚውን ወደ ቀኙ ሣጥን ሳስጠጋ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። ሊኑክሱ ገባ። አሁን ላፕቶፑ ሲነሣ ወደ ዊንዶውስ ወይስ ወደ ሊኑክስ ልግባ ብሎ ይጠይቀኛል፣ አስር ሰከንድም ይጠብቃል። አንዳንዴ ሳልነካው ቁጥሩ ሲወርድ አያለሁ። ሁለት ቤት ያለው ሰው ጠዋት ሲነቃ እንዲህ ይሆን እላለሁ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ትንሽ ቆይቶ፣ የት ነኝ ሳይሆን የት ልሁን እያለ።

ሌላ ወሬ፦ ማዳም ሩዋይዳ አዲስ ሠራተኛ አስመጥታለች፣ ሂክማ ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። የአሮጊቷ፣ የማዳም እናት፣ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ፣ ለሩዙ ምን ያህል ጨው እንደሚበቃው እያሳየኋት ነው። አሮጊቷ እስካሁን አልለመደቻትም፤ እጄን ይዛ አትለቅም። ባለፈው ሳምንት ከማዳም ጋር ፓስፖርቴ ላይ ለሚመታ አንድ ማኅተም ወደ መንግሥት ቢሮ ሄደን ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀሰች፤ ማዳም ማለቴ ነው። ሱአድን ደግሞ መጋረጃዬንና ድስቴን ውሰጂ ብላት ምን ሆነሻል አለችኝ። አርጅተዋል አልኳት።

ነገ ጾሙ ይገባል፤ አክስትሽን አደራ፣ ጨጓራዋን ይዛ አትጹም። አንቺም ብርድ ላይ አትቀመጪ። የሐይቁ እስጢፋኖስ በመውጣትሽ በመግባትሽ ይጠብቅሽ፤ እመብርሃን እጇን ከራስሽ ላይ አታንሳ። የጀመርሽውን የሚያስጨርስ አምላክ፣ የእኔንም ያስጨርሰኝ።

ሁልጊዜ የምትሰማሽ እናትሽ
ዘነቡ

ይድረስ ብዬ ከዘጋሁት በኋላ ትዝ አለኝ፦ ቤት፣ በጓዳው ከአልጋሽ አጠገብ የነበረው የግድግዳ መሰኪያ አሁንም ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው? የዚህ ላፕቶፕ ሽቦ ባለ ሦስት ጣት ነው፤ ባትሪ እንደሌለው ታውቂያለሽ። መቀየሪያውን ከዚህ መግዛት ስላለብኝ ቶሎ ንገሪኝ። ከመሰኪያው እስከ ጠረጴዛው ስንት ክንድ እንደሆነም አክስትሽን አስለኪልኝ።