ስለታሸገው ኮፈንና ስለማይጠፋው ድምፅ ማጉያ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ለአቶ ጌዲዮን
አቃቂ

ጤናዎ እንደ ስብሰባዎ የማያልቅ፣ ጉልበትዎም እንደ ንግግርዎ የማይደክም ይሁን እያልኩ፣ እኔ ከፋብሪካው በላይ ባለው ሰፈር የምኖረው፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የምነዳው ያደታ፣ በታላቅ አክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉዳዬ የመኪናዬ ባትሪ ነው። በግል ልነግርዎ ደጋግሜ ደጅ ብጠናም ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጽፌ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፣ ምስጋና። በሰፈሩ ካሉት መኪናዎች ሁሉ የእኔን መርጠው፣ የስብሰባ ጥሪ የሚነገርበትን ድምፅ ማጉያ ጣሪያዋ ላይ ስላሰቀሉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ፈቃዴን አለመጠየቅዎ ራሱ ምን ያህል እንደሚያምኑኝ ያሳያል። የማጉያው ሣጥን ከኋላ ወንበር ሥር ተቆለፈ፣ ቁልፉ እርስዎ ኪስ ገባ፣ ገመዱም በቀጥታ ከባትሪዬ ጋር ታሰረ፤ ለእኛ ከውጭ የቀረችልን ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻዋ ብቻ ናት። ጥሪውን የሚያነቡት አቶ ቢራም ሥራቸውን ሲጨርሱ እሷን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጉና ጠፍቷል ብለው ይወርዳሉ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለቷን በትሕትና አሳውቃለሁ። ጥፋቱን ከራሴ ፈለግሁ። የባትሪውን ውሃ ሞላሁ፣ ጫፎቹን በሙቅ ውሃ አጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ ዲናሞውን አስፈተሽኩ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ባትሪው አርጅቶ ይሆናል ብዬ ከባልንጀራዬ አዲስ ተውሼ ባስገባ፣ እሱም በማግስቱ ድርቅ አለ። ጎረቤቶቼ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ላዳዋን ከደጄ እስከ አስፋልቱ ቁልቁለት መግፋትን የጠዋት ስፖርታቸው አደረጉት።

ሦስተኛ፣ የእሁዱ ጥሪ በባትሪው ምክንያት በቀረ ጊዜ፣ መኪናዋ ጋራዥ በመግባት ፈንታ እኔ ግምገማ እንድቀመጥ ማድረግዎ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል። ባትሪ በግምገማ እንደሚመረመር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከምሳ በፊት የተጀመረው ውይይት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የደረሰበት ድምዳሜ፣ የባትሪው ችግር የአመለካከት ችግር ነው፣ ይኸውም የባለንብረቱ፣ የሚል ነበር። እኔም ግለ ሂስ እንዳደርግ ተጋብዤ፣ ባትሪዬን በሚገባ ባለማንቃቴ ይቅርታ ጠየቅሁ። ተሰብሳቢው ዝም አለ፤ እርስዎም ያንን ዝምታ ሁሉም ተስማምቷል ብለው በቃለ ጉባኤ አስያዙት።

የአመለካከቴ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ በማግስቱ ሌላ ሙከራ አደረግሁ። ሁሉን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ ከባትሪው አንዱን ገመድ ፈታሁና በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አገባሁ። መኪናዋ ላይ የሚሠራ ነገር ከሌለ አምፖሏ መብራት አልነበረባትም፤ እሷ ግን በራች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ብነቅልም ወይ ፍንክች። የእርስዎን ድምፅ ማጉያ ገመድ ስፈታው ግን ድርግም አለች። ሣጥኑን በእጄ ብዳስሰው ሞቅ ብሏል። ለካ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ማጉያው አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ባትሪዬን ይጠጣል።

አራተኛ፣ ይህን ሲሰሙ ሥራ ትተው በአካል መምጣትዎን አልረሳውም። ጆሮዎን ሣጥኑ ላይ ለጥፈው ካዳመጡ በኋላ፣ ዝም ካለማ ጠፍቷል ብለው ፈረዱ። ገመዱን መልሰው አሳሰሩ፤ እኔንም የሕዝብ ንብረት ነካክተሃል ብለው የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ በወረቀትና በማኅተም አሸጉት። ሱቅ ሲታሸግ አይቻለሁ፤ መጋዘን ሲታሸግም አይቻለሁ። ኮፈን ሲታሸግ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ፤ እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። ልጄ ጠጄ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ እኛ ጋ ገብታለች። ጤና ጣቢያው የፅንሱ አቀማመጥ ጥሩ ስላልሆነ፣ ምጥ እንደጀመራት ሳትዘገይ ሆስፒታል ትድረስ ብሏል። እኛ ሰፈር አምቡላንስ ገብቶ አያውቅም፤ ያለችን ይቺው ላዳ ናት። ፈርቻለሁ፣ አቶ ጌዲዮን። ስለዚህ ቢያንስ ልጄ እስክትገላገል ኮፈኑን ከፍቼ ገመዱን እንድፈታ እንዲፈቅዱልኝ፣ ወይም የሣጥኑን ቁልፍ ይዘው መጥተው ራስዎ እንዲያጠፉት፣ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ስለ ባትሪ ላስተማሩኝ ሁሉ ውለታዎን የማልረሳ፣ ለአመለካከቴም መስተካከል ያልተቋረጠ ክትትልዎን የምናፍቅ፣

ተገፍታ የምትነሳው ላዳ ባለቤት
ያደታ ኦልጅራ
የካቲት 1995 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ይህን ሳልለጥፈው ጠጄን ምጥ ያዛት። ቁልፉን ባዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቀረ። ሰፈርተኛው በሙሉ እርስዎ አዳራሽ ስለነበር የሚገፋ ሰው አጣሁ። ባለቤቴ ዳሲቱ የአዳራሹ በር ላይ ሄዳ ኡኡ ስትል፣ ያ ዝም ብሎ የሚያዳምጥዎ ተሰብሳቢ ንግግርዎን ጥሎ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰለፈች ማኅተምዎን በጥፍራቸው ቀደዱት፤ እኔ ለባትሪው የቀረችውን ትንሽ ጉልበት እንዳይጠጣብኝ የማጉያውን ገመድ በጠስኩ፤ የቀረው ሰው እስከ አስፋልቱ ገፋን፤ ላዳዋም ተነሳች። ጠጄ በኦፕራሲዮን ወልዳለች፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ሐኪሙ ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ሣጥንዎን ቢሮዎ ደጅ አስቀምጬልዎታለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰው ዝም ሲልዎ ግን ጆሮዎን አይመኑት፤ ከመድረኩ ወረድ ብለው በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉን። እንደ ሣጥንዎ ሞቀን ያገኙናል።